በጥቁሩ መሃል ያለችው ክር

ምስሉ ከሞላ ጎደል ጥቁር ነው። የጆሮን ውስጠኛ ክፍል ያቀፈው አጥንት በጣም ጠጣር ስለሆነ በኤምአርአይ ላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ ስቡም ነጥቶ እንዳያሳስት ሆን ተብሎ ደብዝዟል። በዚያ ጥቁረት መሃል አንዲት ነጭ ክር ወደ ፊት ትሄድና ድንገት እንደ ጉልበት ታጥፋ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አልማዝ ባለጭራ የያዛት የፊት ነርቭ ናት።

የኒውዮርኩ የነርቭ ሐኪም ጄምስ ራምዚ ሃንት በ1907 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሕመም ሲጽፍ፣ ጆሮ ላይ ውሃ የቋጠረውን ሽፍታና የተጣመመውን ፊት አገናኝቶ፣ ምንጩ እዚያው መታጠፊያ ላይ ያለችው የነርቭ ቋጠሮ ናት አለ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ግን ሊያያት አይችልም ነበር።

ዛሬ የምናያት በሰው እጅ ጥንቃቄ ነው። ነርቯ የምታልፍበት ቦይ በጠባቡ ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስታብጥ የምትጨነቀውም እዚያ ነው። ስለዚህ ምስሉ በጣም በስሱ መቆረጥ አለበት። ባለሙያው የታማሚውን ራስ ቀጥ አድርጎ ካላስተኛ ሁለቱ ጆሮዎች በአንድ ምስል ላይ እኩል አይወጡም። ይህችን ማቃናት ማንም አያመሰግንባትም፤ ለእኔ ግን የሥራው ግማሽ እሷ ናት።

ጋዶሊኒየም ያለበት ኮንትራስት በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ንባቡ ይጀምራል። ጀማሪን የሚያስተው፣ ጤነኛዋም ነርቭ ከጉልበቷ ጀምሮ መብራቷ ነው፤ ደቃቅ ደም መላሾች ተጠምጥመውባታልና። ዓይኑ የሠለጠነ ራዲዮሎጂስት ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ነርቯ ከመስሚያው ነርቭ ጋር ጎን ለጎን ወደምትሄድበት መተላለፊያ ጥግ። እዚያ መብራት የለባትም። ሸማኔ የነጠላውን ሁለት ጫፍ ገጥሞ ጥለቱን እንደሚያስተያይ፣ ቀኙን ከግራው ያስተያያል። የመስሚያና የሚዛን ነርቭም አብሮ ከበራ፣ ታማሚው ለምን እንደሚያዞረውና ጆሮው ለምን እንደደነቆረ ይገባዋል።

ለሕክምናው ምስል አይጠበቅም። ሐኪሙ ጆሮውን አይቶ ያውቀዋል፤ አሲክሎቪርና ፕሬድኒሶሎን በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ቢጀመሩ ይመረጣል። ምስሉ የሚፈለገው ነገሩ ሲያጠራጥር፣ ለምሳሌ ዕጢ ይሆን ወይ ሲባል ነው። ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉብታ ሆኖ ይታያል። የአልማዝ ባለጭራዋ ነርቭ ግን ብታብጥም መንገዷን አትለቅም፤ በጉልበቷ በኩል ወፈር ብላ፣ ከዳር እስከ ዳር ትበራለች። በሌላው ጆሮ፣ በዚያው መተላለፊያ ጥግ፣ ጨለማ ነው።