የተቀባዩ ተዋናይ ውለታ፦ የመድረክ ባልደረቦች ፍቅር ከየት ይመነጫል?

ተዋንያን ስለ ሥራ ባልደረቦቻቸው ሲናገሩ በሌላ ሙያ ብዙ የማይሰማ ሙቀት ይሰማባቸዋል። በአንድ ቴአትር ላይ እናትና ልጅ ሆነው የተጫወቱ ሁለት ሰዎች ቴአትሩ ከወረደ ከዓመታት በኋላም «እናቴ»፣ «ልጄ» እየተባባሉ ይኖራሉ። ይህን የሚሰማ ሰው ወይ ከመድረክ የተረፈ ማስመሰል ነው ይላል፣ ወይ ከጀርባው ሌላ ግንኙነት ይፈልጋል። የኪነ ጥበብ ዘገባችን ሁለተኛውን ሲያሳድድ፣ ሂሳችን ጉዳዩን ከነጭራሹ ንቆ ትቶታል። በእኔ እምነት ይህ ፍቅር ከተዋንያን የተለየ ጠባይ የመጣ አይደለም፤ የሙያው አሠራር ራሱ ያፈራው ነው። ስለዚህም የሂስ ጉዳይ ነው።

ችላ የማለታችን አንዱ ምክንያት ከታላላቆቻችን የቀረልን ቅርስ ዓይነት ይመስለኛል። የትወና ብቃት ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ግን በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ነው። እዚያ በዛብህም፣ ሰብለ ወንጌልም፣ ጉዱ ካሳም እሱው ራሱ ነው። የሚያናግረውም የሚመልስለትም ሌላ ሰው የለም። ወጋየሁ በመድረክ ላይ፣ እንደ እሱው በሀንጋሪ ቴአትር የተማረውን ደበበ እሸቱን ከመሰሉ የዘመኑ ተዋንያን ጋር የሠራው ሥራ ግን ለዛሬው ተመልካች የደረሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። ድምፁ ሲተርፍ፣ ድምፁን ይቀበሉ የነበሩት ፊቶች ጠፉ። በዚህም የተነሣ የተዋናይን ታላቅነት ብቻውን በሚናገር ሰው መለካት ለመድን። ትወና ግን ከመናገር ይልቅ መቀበል ነው።

ቃል መጥፋት የሚባለውን የመድረክ አጋጣሚ ቀረብ ብለን እንየው። እንበል፣ በሁለተኛው ገቢር ልጅ የአያቱን መሬት መሸጡን ለአባቱ መናገር አለበት። አባት ሆኖ የሚጫወተው የተጻፈለትን ጥያቄ ጠይቋል፤ ልጁ ግን ዝም ብሏል። ዝምታው ከወትሮው በአንድ ትንፋሽ ሲረዝም፣ አባትየው ቃል እንደጠፋ ያውቃል፤ የዚያን ዝምታ ልክ በልምምድ ደጋግሞ ሰምቶታልና። መልሱን እሱ ሊናገር አይችልም፤ በታሪኩ ውስጥ አባትየው ገና አልሰማም። ተመልካች ፊት ማንሾካሾክም አይሆንለትም። የቀረው ብልሃት የጠፋውን ቃል ጥያቄ ማድረግ ነው። ጠጋ ብሎ ትከሻውን ይይዝና፣ «የአያትህን መሬት ምን አደረግከው? ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!» ይለዋል። ባልደረባው በዚህች አንድ ንግግር ፋታ ያገኛል፤ የሚናገረውም ነገር ይጠቆመዋል፤ ተመልካቹም የተዋናዩን መርበትበት የልጁ ፍርሃት አድርጎ ይወስደዋል። ውርደት ሊሆን የነበረው ቅጽበት የትዕይንቱ ጉልበት ይሆናል፤ ጭብጨባውም የልጁ ነው። ከተቀመጠው ተመልካች መካከል ግን ማን ማንን እንዳዳነ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላ ሰው ያላየው ውለታ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያስተሳስራል። መጋረጃው ሲዘጋ የሚተቃቀፉት ለዚህ ነው።

ይህን ብልሃት የሚያስተምር መማሪያ መጽሐፍ የለም። ባልደረባን እስከ ትንፋሹ ማወቅን ይጠይቃል፤ እንዲህ ማወቅ ደግሞ ያለ ጊዜ አይገኝም። የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ልማድ ይህን ጊዜ ሰጥቶ ቆይቷል። አንድ ቴአትር በሳምንት በተወሰነለት ቀን ብቻ ይታያል፤ ተመልካች ካገኘም ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይዘልቃል። በሁለት እሑዶች መካከል ሕይወት አለ። አንዱ ያገባል፣ አንዷ ትወልዳለች፣ አንዱ ሐሙስ እናቱን ቀብሮ እሑድ በኮሜዲ ውስጥ ሊያስቅ ይመጣል። አዳራሹ ሲስቅለት፣ ከአጠገቡ የቆመችው ባልደረባ ግን ሐዘኑን ታውቃለች። ቃሉን ሲናገር የምታየውም ገጸ ባሕርዩን ብቻ አይደለም።

የዚህ ቅርበት ሌላው ምክንያት ማኅበራዊ ነው። በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው ሀገር ፍቅር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበርና። እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ያንን አጥር ጥሰው ሲወጡ፣ በአዝማሪነት ላይ የነበረው ንቀት አብሮ ተከተላቸው። ውጭው ሲንቃቸው የሚያከብራቸውን ያገኙት ከጓዳቸው፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ነው። ዛሬ ዝና በንቀቱ ፈንታ ቢተካም፣ በንቀቱ ዘመን የተጀመረው መጠጋጋት የሙያው ባህል ሆኖ ቀርቷል።

«ፍቅር ከሌለስ ትወና አይኖርም ወይ?» የሚል ሞጋች ይነሣ ይሆናል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮ ከሞተ በኋላ፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1830 የታተመው ስለ ተዋናይ የጻፈው ድርሳን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የያዘ ይመስላል። የሚጠላሉ ባልና ሚስት የሞልዬርን የፍቅረኞች ትዕይንት ሲጫወቱ፣ በየስንኙ መካከል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሰዳደባሉ፤ ተመልካቹ ግን በፍቅራቸው ተማርኮ ያጨበጭባል። ዲድሮ በዚህ ታላቅ ተዋናይ ስሜት እንደማያስፈልገው ሊያሳይ ፈልጓል። እኔ የማየው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ስድቡን ከስንኙ ሳያጋጩ የሚያስገቡት አንዱ የሌላውን እስትንፋስ ስለሚያውቅ ነው። ጥላቻቸውም ቢሆን የቅርበት ጥላቻ ነው፤ ለማይተዋወቁ ሰዎች አይሳካም። የዲድሮ ምሳሌ ፍቅር አማራጭ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ መተዋወቅ ግን አማራጭ እንዳልሆነ አስረግጦ ይመሰክራል።

ዛሬ አደጋ ላይ ያለውም ይኸው መተዋወቅ ነው። ለተከታታይ ድራማ ቀረጻ የሚጠራ ተዋናይ ብዙ ጊዜ ሳይለማመድ ይመጣል፤ ካሜራው ወደ እሱ ሲዞር ባልደረባው ሄዶ፣ ረዳት አዘጋጁ ቃል እያነበበለት ከባዶ ቦታ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ አለ። ከዚያ «ጥሩ ተግባቦት የላቸውም» ብለን እንወቅሳቸዋለን። በሌላ በኩል ተዋናይ ሲታመም ባልደረቦቹ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሯሯጡ እያየን «እንዴት ይዋደዳሉ!» ብለን እናወድሳለን። ይህን ውዳሴ አልቀበለውም። የልመናው ሩጫ የሚያሳየው ሙያው ያለ ዋስትና መተዉን ነው። በመድረክ ላይ የተወለደ ፍቅር የጤና መድን የሚሠራውን ሥራ ተሸክሞ ሲንገዳገድ እኛ እያጨበጨብን ነው፤ ይህ ያሳፍረናል እንጂ አያኮራንም።

የሂስ ሰዎች ከዛሬ ጀምሮ ስለ አንድ ቴአትር ስንጽፍ፣ ከተናገረው ጎን ያዳመጠውን በስሙ እንጥራ፤ አቀባበሉንም እንመዝን። ቴአትር ቤቶችና አዘጋጆችም ለልምምድ የሚሰጠውን ጊዜ ከበጀት መጨረሻ አንሥተው ከመጀመሪያው ያስቀምጡት። የተዋንያን ፍቅር የሚፈጠረው በልምምድ ነው፤ ልምምዱን የቆረጠ ቤት ትወናውንም ቆርጧል።