ስለ «ግራውንድ ፕሌን» አተረጓጐም

በአሜሪካ ማደሪያ ባለው መኪና ጋቢና ውስጥ ሲቢ የተባለውን የመነጋገሪያ ሬዲዮ በአዲስ ስለ መለወጥ የሚያስረዳ መመሪያ ሲተረጐም፣ «ግራውንድ ፕሌን»ን «የመሬት ገጽ» ማለት ስሕተት መስሎ ይታየናል። ቃሉ በዚህ ሙያ አፈርን ሳይሆን ከአንቴናው ሥር የተዘረጋውን ብረት ያመለክታል። የማደሪያ ክፍላቸው ጣሪያ ፋይበርግላስ የሆነ መኪኖች ይህ ብረት ይጐድላቸዋል። በቃሉ የተሳሳተ አንባቢ ግን መኪናው ምድር ላይ መቆሙን በቂ አድርጎ ይቈጥራል፤ በ27 ሜጋኸርዝ የሚላከው እስከ 4 ዋት የሚደርስ ኃይልም በከፊል ከአንቴናው ተመልሶ አዲሱን ሬዲዮ ሊያበላሽ ይችላል። «መደብ» እንዳንል ማኅበራዊ ክፍልን ያሳስባል። ስለዚህ «የአንቴና ብረት ወለል» የሚለውን እናቀርባለን። «ብረት ወለል የማይሻ አንቴና» ሲባል ለገዢው ግልጽ ነው፤ «መሬት የማይሻ» ቢባል ግን ከቶ ትርጉም አይሰጥም።