የተጎዳው ተማሪና የተጨማሪው ዓመት ደንብ

በዩናይትድ ስቴትስ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለተቋሙ ቡድን የሚሰለፍ ተማሪ፣ የመወዳደር መብቱ በዓመት የተወሰነ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ደንብ መሠረት፣ በአንደኛው ዲቪዚዮን የሚገኝ ተማሪ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ በአራት የውድድር ዘመናት ብቻ ይሳተፋል። በመካከሉ እግሩ የተሰበረ ወይም የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ እንደሆነ፣ የባከነው ዘመን እንዲተካለት ያመለክታል። ማመልከቻው ላይ ላዩን ሲታይ የስፖርት ጉዳይ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ትምህርት ቤት በአገልግሎቱ ለተጎዳ ተማሪ ያለበት ግዴታ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።)

ደንቡ በአሠራሩ ግልጽ ነው። ጉዳቱ ተማሪውን ለቀሪው ዘመን ከውድድር የሚያግድና በዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ የደረሰ መሆን ይኖርበታል፤ ተማሪው የተሰለፈባቸው ግጥሚያዎችም ከታቀዱት ውስጥ ከመቶ 30 መብለጥ የለባቸውም። ያከመው ሐኪም በጊዜው የጻፈው ማስረጃ ይያያዛል። ስድስተኛ ዓመት ለመጠየቅ ደግሞ ከተማሪው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሁለት ዘመናት መባከናቸውን ማስረዳት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው መለኪያ አድልዎን ለመከላከል ይረዳል። ይሁን እንጂ ከአጋማሹ በኋላ የተጎዳው ተማሪ ቀደም ብሎ ከተጎዳው ያነሰ አልታመመም፤ አንዱ ዓመቱ ሲመለስለት ሌላው ግን ቀርቶበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከእነዚህ መሥፈርቶች አንዱም ተማሪው በሕመሙ ምክንያት የትኛው ትምህርት እንዳመለጠው አይጠይቅም። የሚቆጠረው ግጥሚያ ነው።

ይህ ጉድለት በአጋጣሚ የተፈጠረ አይደለም። «ስፖርተኛ ተማሪ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከጉዳት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ዓመታት በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት አንድ የኮሌጅ ተጫዋች በግጥሚያ ላይ በደረሰበት ጉዳት በመሞቱ፣ ባለቤቱ ለሠራተኛ የሚከፈለው የጉዳት ካሣ እንዲሰጣት ጠይቃ ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1957 ጥያቄውን አልተቀበለም። ማኅበሩን ከ1951 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመሩት ዋልተር ባየርስ፣ ስያሜው የወጣው ይህን የመሰለውን የካሣ ጥያቄ ለመከላከል እንደ ነበር በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል። እንግዲህ ተጫዋቹ ተማሪ መባሉ ካሣን ካስቀረበት፣ ተማሪነቱ በምትኩ የሚያስገኝለት ጥቅም ሊኖር ይገባ ነበር። ከ1973 እስከ 2012 ድረስ ግን የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚሰጠው በየዓመቱ እየታደሰ በመሆኑ፣ የተጎዳ ተማሪ የትምህርት ወጪው እንደሚቀጥል እርግጠኛ ሊሆን አይችልም ነበር።

ደንቡ ምን ያህል ሊዘረጋ እንደሚችል የካም ማኮርሚክ ታሪክ ያሳያል። በ2016 ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የገባው ይህ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ በ2018 የመጀመሪያ ግጥሚያ እግሩ ተሰበረ፤ በተከታዮቹም ዘመናት ጉዳቱ ስላልለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳ ውጭ አሳለፈ። በዚያ ላይ በወረርሽኙ ምክንያት ለስፖርተኞች ሁሉ የተፈቀደው ዓመት ተጨምሮ፣ ዘጠነኛ ዘመኑን በ2024 በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። በጽናቱ የሚነቅፈው አይኖርም። ሆኖም የማኅበሩ ሚዛን ለዘጠኝ ዓመታት የመዘነው የተጫወተበትንና ያልተጫወተበትን ግጥሚያ ብቻ ነው።

ከ2021 ወዲህ ደግሞ ተማሪዎች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ስለ ተፈቀደ፣ አንዱ ዓመት ዋጋ አወጣ። በ2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ ለ2025–26 የተወሰነውም ጣሪያ ለአንድ ተቋም 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህም የተጨማሪ ዓመት ጥያቄ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወደ ዳኞች ፊት ተሻገረ። ይኸው ስምምነት በተቀበሉት ተቋማት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድንን በ105 ተጫዋቾች ወስኖታል። ቦታው በቁጥር ከተወሰነ ዘንድ፣ ለአንዱ የሚጨመረው ዓመት ከሁለተኛ ደረጃ ለሚመጣው ወጣት የሚቀነስ ቦታ ሊሆን ይችላል። የዚህ ወጣት ጉዳይ ግን በማመልከቻው ላይ አይታይም።

ይህ ሁሉ ሲባል ደንቡ ይሰረዝ ማለት አይደለም። በሃያ ዓመቱ አጥንቱ የተሰበረ ወጣት፣ የለፋበትን እንዳያጣ ዕድል መስጠት ከርኅራኄም ከፍትሕም የሚቆጠር ነው። ነቀፌታው የሚያርፈው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ማኅበሩ በ2024 ሥራ ላይ ያዋለው ድንጋጌ፣ የአንደኛው ዲቪዚዮን ተቋማት በስፖርት ለደረሰ ጉዳት ተማሪው ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሕክምና ወጪ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። ይህ ትክክለኛው መነሻ ነው። ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው ያመለጠውን ትምህርት ማካካሻ ነው፤ የውድድሩ ዘመን ከሁለቱ በኋላ ይከተላል። ከሐኪሙ ማስረጃ ጎን የመምህሩ ማስረጃ ቢያያዝ፣ ተጨማሪው ዓመት ተማሪውን ወደ ሜዳ ብቻ ሳይሆን ወደ ምረቃም የሚያደርስ ይሆን ነበር።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በሕመም ምክንያት ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ እንደገና ይመዘገባል፤ የሚመለሰውም ወደ ትምህርቱ ነው። የትምህርት ቤት ስፖርትን ለማስፋፋት ዕቅድ የሚያወጡ ሁሉ ይህን መሠረት ሊጠብቁት ይገባል። ለትምህርት ቤቱ ሲሮጥ የወደቀ ልጅ በመጀመሪያ የሚጠበቅለት ቦታ በመማሪያ ክፍሉ ያለው ወንበር ነው።