ሳይሰሙ መፍረድ

ከመርካቶ አጠገብ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ የሚያልፍ ወጣት የሚያስበው ስለ ገበያው እንጂ ስለ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት የተቀጡት በዚሁ አደባባይ ነው።

ስለ ሥራቸው ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። እኛ የምንጠይቀው ግን እንዴት እንደ ተፈረደባቸው ነው። ከፍርድ ቤት ቀርበዋል፤ ቃላቸውንም ሰጥተዋል፤ ይህ መልካም ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ዳኞች ከሕግ በቀር ለሌላ እንዳይታዘዙ ይደነግግ ነበር። ሆኖም ዳኞቹን የሚሾሙት፣ የሞቱንም ፍርድ የሚያጸኑት፣ ዐመፁ የተነሣባቸው ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው ነበሩ። ተበዳይ ዳኛውን ከሾመ፣ ሚዛኑ ቀና ቢሆን እንኳ የሚያምነው አይገኝም።

ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ የባሰ መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሚኒስትሮችን፣ መኳንንትንና መኮንኖችን በጥይት አስገደለ። የባለሥልጣኖችን በደል የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቁሞ ነበር፤ ሥራውን እስኪፈጽም ግን አልተጠበቀም፤ ሟቾቹም ከፍርድ ቤት አልቀረቡም። ከመካከላቸው በደለኛ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በደለኛ ከንጹሕ የሚለየው በመስማት ነውና፣ ሁሉም ባንድ ጉድጓድ ሲገቡ ልዩነታቸውም አብሮ ተቀበረ።

ደርግም በተራው ወደቀ። ባለሥልጣኖቹ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ በጠበቃ ተከራክረው ተፈረደባቸው። አሥራ ሁለት ዓመት መጓተቱ ይነቀፋል፤ ሰውን ሳይሰሙ የገደሉት መሰማታቸው ግን የሚነቀፍ አይደለም።

አባቶቻችን ከሳሽንና ተከሳሽን ነጠላ ለነጠላ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይልኩ ነበር። ተከሳሹ እንዳያመልጥ ነው ይባላል። ነገር ግን ቋጠሮው ከሳሹንም ያስር ነበርና፣ አንዱ ሌላውን ቀድሞ የዳኛውን ጆሮ ሊይዝ አይችልም ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዳኝነት በችሎት ብቻ የሚሠራ አይምሰልህ። ነገ በገበያው መካከል «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ትሰማ ይሆናል። ሕዝቡ ድንጋይ ሲያነሣ አንተም እጅህ ወደ መሬት ይወርዳል። ያን ጊዜ የሰማኸው የከሳሹን ድምፅ ብቻ መሆኑን አስብ። ድንጋዩን ተውና «በሕግ አምላክ!» ብለህ ጩኽ፤ የተያዘውም ሰው ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ ከአጠገቡ ቁም።