ሩብ ዙር

ቺንጋ ወደ ላላው ጎን ይሸሻል። የመሮጫ ማሽን መጠገን ስጀምር መጀመሪያ የያዝኩት ሕግ ይህ ነው። ዛሬም ሰው ቤት ገብቼ የመሣሪያ ቦርሳዬን ከመክፈቴ በፊት ለራሴ እደግመዋለሁ። ሕጉ በአንድ ቀን ይጠናል፤ እጅን ለሕጉ ማስገዛት ግን ዓመታት ይወስዳል። የሰው እጅ ብሎን ሲያገኝ የሚቀናው ማጥበቅ ነውና።

የቤት ትሬድሚል ክዳኑ ሲነሣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሮለሮች አሉ። በመካከላቸው እግር የሚያርፍበት፣ ብዙ ጊዜ ከኤምዲኤፍ የተሠራ ፊቱ የለሰለሰ ጣውላ ተዘርግቷል። ቺንጋው ጣውላውንና ሁለቱን ሮለሮች አቅፎ ይዞራል፤ ላዩ ጫማ የሚይዝ ፕላስቲክ፣ ውስጡ የተሸመነ ጨርቅ ነው። የፊቱን ሮለር ሞተሩ በሌላ ጠባብ ቺንጋ ይነዳዋል። የኋላው ሮለር ተነጂ ነው፤ በግራና በቀኝ ጫፉ ግን አንዳንድ ብሎን አለው። የሙያዬ ዕድሜ በአብዛኛው ያለፈው በእነዚህ ሁለት ብሎኖች መካከል ነው።

ቀኙን ብሎን በሰዓት አቅጣጫ ሳዞረው የሮለሩ ቀኝ ጫፍ ወደ ኋላ ይሳባል። ያን ጊዜ ሮለሩ በዓይን በማይለይ መጠን ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል። ቺንጋው ሮለሩን ይዞ ስለሚሄድ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጥቂት ወደ ግራ ይገፋል። ስለዚህ ቺንጋው ወደ ቀኝ ከሄደ የሚጠብቀው ቀኙ ነው፤ ወደ ግራ ከሄደ ግራው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቺንጋውን እንደ ገመድ ያስበውና ወደ ቀኝ ሲሸሽበት በግራ ብሎን ሊጎትተው ይሞክራል፤ እሱ በጎተተ ቁጥር ቺንጋው ይብስበታል። ብዙዎቹ ሮለሮች ደግሞ መሐላቸው ከዳርና ዳራቸው ትንሽ ወፈር ይላል። ጠፍጣፋ ቺንጋ ወደ ወፍራሙ የመውጣት ጠባይ ስላለው ወደ መሐል ይመለሳል። ማሽኑ ራሱ መሐሉን መያዝ ይፈልጋል ማለት ነው፤ የኔ ድርሻ የሚከለክለውን ማንሣት ነው።

ታዲያ በምን ያህል ይዙር ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ሩብ ዙር። ሰው ሳይወጣበት ማሽኑን በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ አስነሣዋለሁ። ብሎኑ መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ባለ ስድስት ማዕዘኑን ቁልፍ አስገብቼ ሩብ ዙር አዞርና እጄን አነሣለሁ። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ እጅ ማንሣት ነው። ቺንጋው የታዘዘውን ወዲያው አይፈጽምም፤ ደጋግሞ ዞሮ ነው አዲሱ ቦታው የሚታየው። አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሁለት ይወስዳል። ያላስቻለው ሰው አሥር ሰከንድ ቆይቶ ሌላ ሩብ ይጨምራል፣ ከዚያም ሌላ። የሁሉም ድምር በአንድ ላይ ሲመጣ ቺንጋው ወደ ማዶው ዳር ይከንፋል። ያኔ የማዶውን ብሎን ያጠብቃል። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ጎን ጠብቆ ቺንጋው እንደ ከበሮ ይወጠራል።

ይህን ራሴ አድርጌዋለሁ። በጀማሪነቴ ዘመን አንድ ደንበኛ «ስሮጥ እግሬ ሲያርፍ ቺንጋው ለቅጽበት ቀጥ ይልብኛል» ብሎ ጠራኝ። ላልቷል አልኩና ሁለቱንም ብሎኖች አንድ ዙር ተኩል አጠበቅኳቸው። መንሸራተቱ ያን ቀን ቆመ፤ ሰውዬውም አመስግኖ ሸኘኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ መልሶ ደወለ። ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ እህል እንዳለቀበት ወፍጮ ይጮሃል። የፊተኛው ሮለር ኩሽኔታ ተበልቷል፣ ቺንጋው ራሱ ተለጥጧል። ቀድሞ የነበረው ችግር ደግሞ እዚያው ነው፤ ጣውላው ደርቆ ነበር፣ የሞተሩም ጠባብ ቺንጋ ላልቶ ነበር። ሁለቱንም ሳላይ ነበር የኋላውን ብሎን ያጠበቅኩት። ኩሽኔታውንና ቺንጋውን በራሴ ወጪ ቀየርኩለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክንያቱን ሳላገኝ አላጠብቅም።

ምክንያቱን ማግኘት የሚመስለውን ያህል አይከብድም። የፊቱን ክዳን ከፍቼ፣ ማሽኑን በዝግታ አስነሥቼ፣ መደገፊያውን ይዤ በእግሬ ቺንጋውን ጫን እለዋለሁ። ቺንጋው ቆሞ የፊቱ ሮለር መዞሩን ከቀጠለ የላላው የመሮጫው ቺንጋ ነው። ሮለሩም አብሮ ቆሞ ሞተሩ ብቻውን ከዞረ ችግሩ ጠባቡ ቺንጋ ላይ ነው፤ የኋላውን ብሎን ማጥበቅ እዚያ ላይ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ውጥረቱን ለመለካት ደግሞ ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ የቺንጋውን ዳር ከጣውላው መሐል ላይ በጣቶቼ አነሣለሁ። እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከተነሣልኝ ደኅና ነው። ጭራሽ አልነሣ ካለ ሞተሩም ኩሽኔታውም እየተሠቃዩ ነው። ለማላላትም ለማጥበቅም ሁለቱን ጎን እኩል፣ ያው በሩብ ዙር ነው የምሄደው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ዘንድ ተጠራሁ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ሐኪም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ አዟቸዋል፤ ደረጃውና መንገዱ ለጉልበታቸው ስላልተመቸ ልጆቻቸው ትሬድሚል ገዝተውላቸዋል። የቺንጋው ግራ ዳር ከክፈፉ ጋር ሲፋተግ ከርሞ ክሩ እንደ ነጠላ ጫፍ ተንጠልጥሏል። ከኔ በፊት የመጣ ሰው ሁለቱንም ብሎን አጥብቆላቸው ሄዷል።

ብሎኖቹን ሳልነካ ትንሽ እንዲራመዱልኝ ጠየቅኳቸው። ግራ እጃቸው መደገፊያውን አጥብቆ ይዟል፤ ግራ እግራቸው ከቀኙ ረዘም ላለ ጊዜ ያርፋል።

«እማማ፣ የቀኝ ጉልበትዎን ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።

«ማን ነገረህ?»

ማሽኑን ነቅዬ ቺንጋውን አነሣሁና ጣውላውን በእጅ ባትሪ አሳየኋቸው። ግራ እግር የሚያርፍበት ቦታ ከቀኙ ይልቅ ተልጎ ያብለጨልጫል። አጎንብሰው ብዙ ጊዜ አዩት። ቀጥዬ ውሃ ልክ አውጥቼ ክፈፉ ላይ አስቀመጥኩ፤ አረፋው ከመሐል ወጣ። ማሽኑ በግማሹ የቆመው በረንዳው በር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ሴራሚክ ውሃ እንዲወርድ ተዳፋት ሆኖ የተነጠፈ ነው። ሳብ አድርገን ወደ ሳሎኑ አስገባነውና እግሮቹን አስተካከልኩ። ቺንጋውን ወደ ግራ የሚስበው የወለሉ ዝንባሌና የእሳቸው አረማመድ ተደማምሮ ነበር። የጠበቁትን ብሎኖች ደረጃ በደረጃ አላላኋቸው፤ በመጨረሻ ግራው የፈለገው ሩብ ዙር ብቻ ሆኖ ተገኘ።

የቀረው ማለስለሱ ነበር። እጄን ከቺንጋው ሥር አስገብቼ ሳወጣው ደረቅ አቧራ ብቻ ይዞ መጣ። ቺንጋና ጣውላ በደረቁ ሲፋተጉ ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይግላል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል። ሰው ቦርዱ ብልሹ ነበር ይላል፤ ያቃጠለው ግን ድርቀቱ ነው። ይህን ስነግራቸው ቆይተው እንዲህ አሉኝ፤ «ምጣድ ሳይታሰስ እንጀራው አይነሣም። እንግዲያው ይኼም ማሰሻ ይፈልጋል በለኛ።»

«ልክ እንደሱ ነው፣ እማማ።»

«ዘይት ከበዛበትስ? ምጣድ ላይ ሲበዛ እንጀራው ዓይን አያወጣም።»

ይህን ጥያቄ እንደሳቸው አጥርቶ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሲበዛ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ አቧራውም ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል። ለአንድ ጊዜ በሁለቱም ጎን ተደምሮ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይበቃል። ማሽኑን ነቅሎ፣ የቺንጋውን ዳር አንሥቶ፣ እግር በሚያርፍበት በመሐሉ ላይ እንደ እባብ መንገድ እያጠማዘዙ ማፍሰስ፤ ከዚያ ሰው ሳይወጣበት አምስት ደቂቃ በዝግታ ማዞር ነው። ዘይቱ ንጹሕ ሲሊከን መሆን አለበት። የሞተር ዘይትና ሌላው ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ቺንጋውን ያበላሻል፤ የምግብ ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይይዛል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለሚራመድ ሰው ሦስት ወር ደኅና ልክ ነው፤ ሆኖም ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ከቺንጋው ሥር የገባ ጣት ይታመናል። ጣት ለስልሶ ከወጣ መጨመር አያስፈልግም። ከፋብሪካ በሰም ተለብጠው የሚመጡና ሲሊከን የማይፈልጉ ማሽኖችም ስላሉ መመሪያውን አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ጎማ መሰል ጨርቅ መጨነቅ የሚበዛ የሚመስለው ይኖራል። እኔ ትሬድሚልን መሮጫ ብቻ አድርጌ አላየውም፤ መለኪያም ነው። አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ሮበርት ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው የልብ ምርመራ ታካሚው በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በ10 በመቶ ዳገት ይጀምራል፤ በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። በስሙ የሚጠራው ያ ምርመራ ዛሬም በሆስፒታሎች ይሠራበታል። ሐኪሙ የታካሚውን የልብ አቅም የሚያነበው ከቺንጋው ፍጥነት ጋር አስተያይቶ ነው። ቤት ያለውም ማሽን እንዲሁ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ወይም ከፊቱ ሮለር የሚነበብ ነው፤ ቺንጋው ሲንሸራተት ስክሪኑ አያውቅም። እማማ 2 ኪሎ ሜትር ሄድኩ ብለው ለሐኪማቸው ሲነግሩ ቁጥሩ እውነት መሆን አለበት። ስለዚህ ሥራዬን ስጨርስ ቺንጋው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሠምርና፣ ሰው እየተራመደበት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ እቆጥራለሁ። ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ቺንጋ በደቂቃ 20 ጊዜ ከዞረ 60 ሜትር ሄዷል፤ በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ነው። ስክሪኑ ከዚህ ጋር ካልተስማማ ሥራዬ አላለቀም።

ለከተማችን ሰው የምጨምረው አለ። በበጋ አቧራው በቺንጋው ሥር ይገባል፤ በሳምንት አንድ ቀን ዙሪያውን መጥረግ ብዙ ዕድሜ ይጨምራል። ክረምት ላይ በረንዳ ላይ የተተወ ማሽን ጣውላው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ያበጠ ኤምዲኤፍ አይመለስም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቺንጋው በአንዴ ሊቆም ስለሚችል መደገፊያው ከእጅ አይራቅ። ቺንጋው ከኋላው ሮለር ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሕፃን ጣት ይይዛል፤ ማሽኑ ሲዞር ልጅ ከኋላው አይቁም፣ ሲያበቃም የደኅንነት ቁልፉ ተነቅሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ቺንጋ የሚያስተካክል ሰውም ነጠላውን፣ ሻርፑንና የተለቀቀ ጸጉሩን ሰብስቦ ነው የሚያጎነብሰው።

ከመምህርቷ ቤት ስወጣ አንዱን ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፌን ትቼላቸው ወጣሁ። የልጅ ልጃቸው ቁልፉን እየያዘ እሳቸው እየተቆጣጠሩ እንዴት እንደሚሠራ ሁለት ጊዜ አሳየኋቸው። ከሦስት ወር በኋላ የተበላውን ቺንጋ ልቀይር ስመለስ ማሽኑ አጠገብ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ አገኘሁ። በተማሪ ደብተር ላይ ማረሚያ በሚጽፍ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ ቀኖቹ ላይ በእርሳስ ተጽፎባቸዋል። ጥቅምት ላይ «ግራ፣ ሩብ» ይላል። ኅዳር ላይ «ታሰሰ»። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ እስከ መጣሁበት ቀን ድረስ አንድ ዓይነት ቃል ሰፍሯል፤ «አየሁት፣ አልነካሁትም»።