የአንድ ምሽት ትርኢትና የአምስት ዓመት ትምህርት

«ሪትም ኢዝ ኢት» የተባለው የጀርመን ዘጋቢ ፊልም እ.አ.አ. በ2004 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ በመምህራን ዘንድ ብዙ የተወራለት ሥራ ነው። አዘጋጆቹ ቶማስ ግሩበና ኤንሪኬ ሳንቼስ ላንሽ ሲሆኑ፣ በ2005 የጀርመንን የፊልም ሽልማት በዘጋቢ ፊልም ረገድ አግኝተውበታል። ስለዚህ ፊልም ለመጻፍ የተነሣነው ግን ሽልማቱን አይተን አይደለም። ችግረኛ ወጣት ወደ ኪነ ጥበብ ሲያዘነብል እጁን ይዞ የሚመራው ማን ነው? የሚመራውስ እስከ ምን ድረስ ነው? ፊልሙ የሚያነሣው ይህን ጥያቄ ነው። ጥያቄውም በያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሒሳብ ደብተሩን በሥዕል የሚሞላውን ልጅ ይመለከታል። ከዚህም ሌላ፣ የፊልሙ ዋና ሰው በርሊን ላይ ከመሥራቱ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የሠራው ሥራ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያስተያዩ ፊልሙን ማመዛዘን ያስቸግራል ባዮች ነን።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። እንግሊዛዊው የሙዚቃ መሪ ሳይመን ራትል እ.አ.አ. በ2002 የበርሊን ፊልሐርሞኒክ ኦርኬስትራን ሲረከብ፣ ኦርኬስትራው ለወጣቶች የሚሆን የትምህርት መርሐ ግብር ጀመረ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የኢጎር ስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዐት» ከዳንስ ጋር ማቅረብ ነበር። ከበርሊን ትምህርት ቤቶች 250 ያህል ልጆችና ወጣቶች ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የፈለሱ ቤተሰቦች ልጆች ወይም በትምህርታቸው ተስፋ የተቆረጠባቸው ነበሩ። ዳንሱን እንዲያስተምራቸው የተጠራው እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ነው። እሱ ራሱ ዳንስ የጀመረው ከሃያ ዓመቱ በኋላ ነው። ትርኢቱም በጃንዋሪ 2003፣ ትሬፕቶ በሚባለው ሰፈር፣ ድሮ የአውቶቡስ ማደሪያ በነበረ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ታየ።

«የጸደይ ሥርዐት» ለልጆች ተብሎ የተደረሰ ሙዚቃ አይደለም። በጥንታዊት አረማዊት ሩስያ አንዲት ልጃገረድ ለመሥዋዕት ተመርጣ፣ እስክትሞት ድረስ ስትጨፍር የሚያሳይ የባሌት ድርሰት ነው። እ.አ.አ. በ1913 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ተመልካቹ በጩኸት አዳራሹን አውኮት ነበር። ምቱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የሠለጠነ ተወዛዋዥ እንኳ ቆጠራው ይጠፋበታል። እንግዲህ ማልዱም ይህን ድርሰት መድረክ ረግጦ ለማያውቅ ልጅ ሰጠ። በኛ ግምት የፊልሙ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። ለድኻ ልጅ የሚሰጥ ትምህርት ሁልጊዜ ቀለል ተደርጎ፣ ተመጥኖ፣ ተቆርሶ የሚሰጥበት ልማድ አለ። ላይ ላዩን ርኅራኄ ይመስላል፤ ውስጡ ሲታይ ግን «ይህ ላንተ አይሆንም» የሚል ፍርድ አለበት።

ልምምዱ ሲጀመር ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይጎነታተላሉ፣ ይንሾካሾካሉ። ማልዱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ዝምታን ነው። ቀጥ ብለው እንዲቆሙ፣ ክንዳቸውን አንሥተው እንዲያቆዩ፣ ዓይናቸውን አንድ ቦታ ላይ እንዲያሳርፉ ያዛል። አይቆጣም ማለት አይቻልም፤ ይቆጣል። ይሁን እንጂ ቁጣው ልጁን የሚያዋርድ አይደለም። የሚሳለቅ ልጅ የሚሳለቀው ስለሚፈራ መሆኑን የተረዳ ይመስላል፤ ተረድቶም አይለቀውም። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ይህን ሲያዩ ይጨነቃሉ። ልጆቹ ከዐቅማቸው በላይ ተጠይቀዋል የሚል ስጋት ይገልጻሉ። ማልዱም በበኩሉ ልጆቹን ወደኋላ ያስቀራቸው ይኸው «አይችሉም» የሚል እምነት ነው ብሎ ይሞግታል። ፊልሙ በዚህ ክርክር ለማን እንደሚያደላ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያሻም።

በመሠረተ ሐሳቡ እኛም ከማልዱም ጋር ነን። መምህራኑ የቀረቡበትን ሁኔታ ግን ሚዛን የጎደለው ሆኖ አግኝተነዋል። ማልዱም ልጆቹን የሚያገኛቸው ለጥቂት ሳምንታት ነው። የክፍል መምህሯ ግን አምና ነበረች፣ ለከርሞም ትኖራለች። ልጁ ሲቀር ለምን እንደቀረ የምትጠይቀው፣ ወላጆቹን የምታነጋግረው፣ ሲወድቅም ውጤቱን የምትሰጠው እሷ ነች። እንግዳ ሰው ጥብቅ ቢሆን ልጆቹ ቢጠሉት እንኳ ትርኢቱ ሲያልቅ ይሰናበታቸዋል። ዘወትር አብሮ የሚውል መምህር ሲጠብቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ዋጋ ይከፍልበታል። ፊልሙ ይህን ልዩነት ቢያሳይ ኖሮ ማልዱምን አያሳንሰውም ነበር። ይልቁንም ከእንግዳውና ከነባሩ መምህር የትኛው ምን መሥራት እንደሚችል ባወቅን ነበር።

ካሜራው ከ250ው መካከል ሦስቱን ለይቶ ይከተላል። አንደኛዋ በትምህርቷ የደከመች የ14 ዓመት ልጅ ነች። ሁለተኛው ሰው ሲነካው የሚሸማቀቅ፣ ከልጅነት ዕድሜ ያለፈ ወጣት ነው። ሦስተኛው በጦርነት ወላጆቹን አጥቶ ከናይጄሪያ የመጣ ልጅ ሲሆን፣ ከሦስቱም በኛ አእምሮ ተቀርጾ የቀረው እሱ ነው። ብዙ አይናገርም። ዳንሱን ሲማር የሚታይበት ጥሞና ግን ሌሎቹ በቃል ከሚሰጡት ምስክርነት ሁሉ ይበልጣል። ከዚያም ትልቁ ምሽት ይመጣል፤ ኦርኬስትራው ይጫወታል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ ጭብጨባው ያስተጋባል፣ ፊልሙም ያበቃል። የናይጄሪያው ልጅ በማግስቱ ጧት ሲነሣ ማን አለው? እንደዚያ ማተኮር የሚችል አካል ያለው ልጅ የሚቀጥለውን እርምጃ የት ሄዶ ይማር? ፊልሙ ከምሽቱ ባሻገር አይሄድም።

ማልዱም በአንድ የዳንስ ክፍል ውስጥ የሰው ሕይወት ሊለወጥ ይችላል የሚል እምነት አለው፤ ይህም አባባሉ ከፊልሙ ጋር በየአገሩ ተዳርሷል። ሕይወት ተለወጠ ሲባል አንድ ልጅ ስለራሱ ያለው አስተያየት ተለወጠ ማለት ከሆነ፣ በርሊን ላይ ይህ መሆኑን በዓይናችን አይተናል። ሙያ ይዞ፣ በሙያው እንጀራ በልቶ፣ ሙያውን ለሌላ ማስተላለፍ ማለት ከሆነ ግን ጥቂት ሳምንታት አይበቁም። ይህን ደግሞ ከማንም ይልቅ የሚያስረዳው የማልዱም የራሱ የአዲስ አበባ ሥራ ነው።

እ.አ.አ. በ1996 ማልዱም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከጎዳናና ከድኻ መንደር ከመጡ 100 ያህል ልጆችና ወጣቶች ጋር የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» በዳንስ አቀረበ። መነሻውም ጀሚኒ የተባለው፣ መንታ የወለዱ ድኾች ቤተሰቦችን ለመርዳት የተቋቋመ በጎ አድራጊ ድርጅት ለወጣቶች ያደርገው የነበረው እንቅስቃሴ ነው። እስከዚህ ድረስ አዲስ አበባና በርሊን አንድ ናቸው። ብዙ ልጅ ተሰበሰበ፣ ከባድ ድርሰት ተሰጠ፣ መድረክ ተገኘ፣ ተጨበጨበ። ልዩነቱ ከጭብጨባው በኋላ ይጀምራል። ከነዚያ ወጣቶች 18ቱ ተመርጠው ለአምስት ዓመት የሚዘልቅ ሥልጠና ገቡ። ቡድኑም «አዱኛ» ተባለ። የዓለም ሀብትና ዕድል ማለት ነውና፣ ምንም ለሌለው ልጅ የወጣ ድፍረት ያለበት ስም ነው። ሠልጣኞቹ ዳንስ ከመማራቸው ሌላ ዳንስ ማስተማርን ተማሩ። ኋላም ወደየሰፈሩ ወጥተው እንደነሱው ያሉ ልጆችን አስተማሩ። እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር አዳም ቤንጃሚን ባገዘበት ሥራ ደግሞ አካል ጉዳተኞችና ጉዳት የሌለባቸው አብረው የሚደንሱበት ቡድን ተቋቋመ።

ይህ አሠራር ላገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት የሚገባው ቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፣ ለምኖ እየበላ የሚማር ልጅ ነው። የሚማረው ደግሞ በቋንቋችን ታሪክ እጅግ የረቀቀውን ጥበብ ነው። ድኻ ነውና ቅኔው ይቅለልለት ያለ የቅኔ መምህር አልሰማንም። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ጀምሮ እስከ መወድስ ይወጣል። በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። የቀደመው ተማሪ ኋለኛውን ያስጠናዋል። ተመርቆ ሲወጣም ራሱ ጉባኤ ዘርግቶ ያስተምራል። በዚያ ሥርዐት መምህርነት የትምህርቱ መደምደሚያ እንጂ ሌላ ሥራ ሲጠፋ የሚገባበት በር አይደለም።

አዱኛ ካፈራቸው መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.አ.አ. በ2004 የሮሌክስ ሰዓት ፋብሪካ በሚያካሂደው የኪነ ጥበብ መካሪና ደቀ መዝሙር መርሐ ግብር ተመርጦ፣ ከታወቀው ጃፓናዊ የዳንስ ሰው ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። ስለዚህ ወጣት ሲወራ ዝነኛው ጃፓናዊ አገኘውና ዕድሉ ተቃና የሚል አነጋገር ይሰማል። እኛ ግን የተገላቢጦሽ እናየዋለን። ያለፉት አምስት ዓመታት ባይኖሩ ኖሮ ከተሺጋዋራ ጋር የሚያገናኘው ሰውነትም፣ ቋንቋም፣ ድፍረትም ባልኖረው። ጁነይድ ኋላ ከአዱኛው ባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ «ዴስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ቡድን አቋቁሟል፤ ሥራቸውም አካል ጉዳተኞችን የሚጨምር ነው።

አዱኛን ስናወድስ የሚነሡትን ጥያቄዎች ደብቀን ማለፍ አይገባንም። ከ100 ልጆች 18 ሲመረጡ 82 ይቀራሉ። ትልቁን ምሽት ቀምሶ ወደ ጎዳና ወይም ወደ ድኻ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ካልቀመሰው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ መካሪ ልጆችን ከመሰብሰቡ በፊት ለማይመረጡት ምን እንዳዘጋጀ መጠየቅ አለበት። አንዳንዶች ደግሞ እስክስታና የየብሔረሰቡ ጭፈራ ባለበት አገር የጀርመን ሙዚቃ ለምን አስፈለገ ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ብዙም አላሳመነንም። ቅር የሚያሰኘን የኦርፍ መምጣት ሳይሆን፣ እስክስታ የሚያውቅ ትከሻ በዚሁ ጥብቅነት፣ በዚሁ ትዕግሥት አምስት ዓመት ሙሉ የሚታረምበት ቤት ለድኻ ልጅ ከስንት አንዴ ብቻ መገኘቱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የእንጀራው ጥያቄ ነው። ሊስትሮ ሆኖ ወይም ዕቃ ተሸክሞ ለቤቱ የዕለት ገንዘብ የሚያስገባ ልጅ ለልምምድ በተቀመጠ ቁጥር ቤቱ ይጎድላል። መካሪው ስለ ጥበብ ብቻ ቢያወራው እናቱ ትቆጣለች፤ እውነትም አላት። ሙያውም ቢሆን ከተማረው በኋላ ከፍሎ የሚያየው ተመልካች ይፈልጋል። ተመልካች እስኪገኝ በውጭ ርዳታ የሚቆም ቡድን ደግሞ ርዳታው ሲነጥፍ ይናጋል። ለአዱኛ ልጆች ማስተማርን ከዳንሱ እኩል መማራቸው የጠቀማቸው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ መድረክ በሌለ ጊዜ እንኳ የሚሠሩት ሥራ በእጃቸው አለ።

ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ስንመጣ በብዙዎቹ የኪነ ጥበብ ክበብ አለ። ለወላጆች በዓል ድራማ ይዘጋጃል፣ ግጥም ይነበባል፣ የባህል ልብስ ከየቤቱ ተለምኖ ጭፈራ ይቀርባል፤ በማግስቱ ክበቡ እስከሚመጣው ዓመት ይተኛል። ይህ የበርሊኑ ምሽት ነው፣ ያለ ፊልሐርሞኒክ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየቀበሌው የነበሩት የኪነት ቡድኖች ለዘመኑ ፖለቲካ ማገልገያ የተቋቋሙ ቢሆኑም፣ ኋላ ስመ ጥር የሆኑ ድምፃውያንና ተዋንያን የወጡት ከነሱ ነው። የዚያን ጊዜ ዝግጅታቸው ሁሉ የሚወደስ ባይሆንም፣ መለማመጃ ቤት፣ መሣሪያና ዘወትር የመገናኛ ሰዓት ነበራቸው። አንድ የክበብ ኃላፊ መምህር ከዓመቱ በዓል አንዱን ቢሰርዝና በምትኩ በሳምንት ሁለት ቀን የማይታጠፍ የልምምድ ሰዓት ቢያስይዝ፣ የ12ኛ ክፍሉ ልጅ የ9ኛውን እንዲያስጠና ቢያደርግ፣ ወጪው ከበዓሉ አይበልጥም።

ፊልሙን ከተማሪዎች ጋር ለማየት ለሚያስቡ መምህራን ጥቂት ቃል እንጨምር። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ንግግሩ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ በየመሐሉ እያቆሙ ማስረዳት ያሻል። ስለ ስትራቪንስኪ ድርሰት አስቀድሞ ካልተነገራቸው ተማሪዎች የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት በሳቅ ያሳልፉታል። መምህራኑና ማልዱም የሚሟገቱበት ክፍል ሲደርስ ፊልሙ ይቁምና ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ፦ የቱ ነው የሚያምናቸው? የቱ ነው የሚያዝንላቸው? የመጨረሻው ትርኢት ለሌላ ቀን ቢተላለፍ ይሻላል፤ ጭብጨባው ከተሰማ በኋላ ስለ ልምምዱ የሚወያይ ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።