ለዴስክቶፕ ፕሮግራም የስክሪፕት ሞተር ስለ መምረጥ

አንድ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች የየራሳቸውን ተግባር እንዲጨምሩበት ሲታሰብ፣ በውስጡ የስክሪፕት ሞተር፣ ማለትም ከውጭ የመጣን ኮድ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ አንብቦ የሚፈጽም ክፍል፣ ይካተታል። ምርጫው ብዙ ጊዜ በቋንቋው ታዋቂነት ይወሰናል፤ ይሁን እንጂ ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ስክሪፕቱ ሲሳሳት ተጠቃሚው ገና ያላስቀመጠው ሥራ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ በ1993 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረው ሉአ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ቋንቋው በሌላ ፕሮግራም ውስጥ እንዲኖር ታስቦ የተሠራ በመሆኑ የመጨረሻውን ሥልጣን ለአስተናጋጁ ይተዋል። ሜሞሪ የሚሰጠው አስተናጋጁ ባቀረበው ፋንክሽን በኩል ስለሆነ ለአጠቃቀሙ ጣሪያ ሊበጅለት ይችላል፤ ማብቂያ በሌለው ዑደት ውስጥ የገባ ስክሪፕትም፣ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ትእዛዞች በተፈጸሙ ቁጥር አስተናጋጁን በሚጠራ መቆጣጠሪያ አማካይነት ይቋረጣል፤ በሲ ቋንቋ በተጻፈ ፋንክሽን ውስጥ የቆየን ስክሪፕት ግን ይህ መቆጣጠሪያ አይደርስበትም። በተጠበቀ ጥሪ የተጠራ ስክሪፕት ሲሳሳት ስሕተቱ እንደ መልእክት ተመልሶ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲቀጥል፣ ያለ ጥበቃ በተጠራ ስክሪፕት የተፈጠረ ስሕተት ግን መላውን ፕሮግራም ይዘጋዋል።

ባለሦስት አውታር ምስል መሥሪያው ብሌንደር ፓይተንን የመረጠው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ የቋንቋው የላይብረሪ ሀብት ለሠዓሊውም ለመሐንዲሱም ይበጃል። ነገር ግን ፓይተን በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ ኮድን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚያጥር ዘዴ ስለሌለው፣ ብሌንደር በፋይል ውስጥ የመጣን ስክሪፕት ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ እንዳያስኬድ ተደርጎ ይቀርባል። ከማይታወቅ እጅ የሚመጣ ስክሪፕት ለሚቀበል ፕሮግራም ይህ የማጠሪያ ዘዴ አለመኖር ከባድ ጉድለት ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ የሚያስተናግድ ፕሮግራም ተጨማሪ ፈተና አለበት። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ሉአ «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት 9 ብሎ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያውን ፊደል ቆርጦ እንዲሰጥ ሲታዘዝም የተሰበረ ባይት ይመልሳል። በ2015 የወጣው ስሪት 5.3 ፊደላቱን 3 ብሎ የሚቆጥር ላይብረሪ ጨምሯል።

ስሪት ራሱ ሌላ ውል ነው። ስክሪፕት ከተፈቀዱለት ስሞች በቀር ሌላ እንዳያይ ለመገደብ ያገለግል የነበረው የ5.1 ፋንክሽን በ2011 በወጣው 5.2 ስለተወገደ፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ኮድ እንደገና መጻፍ ነበረበት፤ በፍጥነቱ የሚመረጠው ሌላው የሉአ አተገባበር፣ ሉአጂት፣ ግን በአብዛኛው ከ5.1 ጋር ቀርቷል። ስለሆነም ፍጥነትን የሚመርጥ አዘጋጅ፣ የፊደል ቆጠራውን ላይብረሪ ራሱ ማምጣት ይኖርበታል።